ፋይሉ የት ገባ?

እኔ ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ አክስቴ የኮፒና የጽሕፈት ቤት አላቸው። እኔ የምሠራውን ዓይነት ፎርም እሳቸው ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲሞሉ ይውላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ብቅ ብዬ ነበር። ከሰላምታ ቀጥሎ የተነጋገርነውን፣ ያስታወስኩትን ያህል እነሆ።

አክስቴ፦ ና እስቲ ተቀመጥ፣ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች፤ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ልታመለክት ነው፣ ማታ 6 ሰዓት ይዘጋል። ሰባት ወረቀት ስካን አደረግኩላት፤ ትራንስክሪፕቱን፣ ዲግሪውን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ሁሉንም። ፎርሙን ሞላን፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አስገባንና «ላክ» የሚለውን ነካነው። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ያው ገጽ ተመልሶ መጣ። ስልክ ቁጥሩ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ፤ የፊቱን ዜሮ አውጡ ይላል።

እኔ፦ አወጣችሁት?

አክስቴ፦ አውጥተን መልሰን ላክን። አሁን ደግሞ «ትራንስክሪፕት አላያያዙም» አለን። ከፍ ብዬ ሳይ ሰባቱም ሳጥን ባዶ! ስሟ አለ፣ የአባቷ ስም አለ፣ አድራሻዋ አለ፤ ፋይሎቹ የሉም። ልጅቷ እንባዋ መጣ። የጻፍነውን ሁሉ ይዞ ፋይሉን ብቻ ለምን ጣለው?

እኔ፦ ያ ሳጥን ከሌሎቹ ይለያል፣ እትዬ። ስሟን የጻፋችሁበትን ሳጥን ድረ ገጹ ራሱ መልሶ ሊሞላው ይችላል። የፋይሉን ሳጥን ግን ከኮምፒውተርዎ ፋይል አንሥቶ ሊሞላው አይችልም፤ ብራውዘሩ አይፈቅድለትም። የሚሞላው ሰው ብቻ ነው፣ በገዛ እጁ መርጦ።

አክስቴ፦ ምን ይሁን ብለው?

እኔ፦ ገጹ መሙላት ቢችል ኖሮ አንድ ተንኮለኛ ሰው የማይታይ ሳጥን አዘጋጅቶ፣ የፈለገውን ፋይል አድራሻ ጽፎበት፣ እርስዎ ገጹን ስለከፈቱ ብቻ ፋይሉን ይወስድ ነበር። እዚህ ኮምፒውተር ላይ የስንት ሰው ፓስፖርት አለ?

አክስቴ፦ ኧረ ስንቱ! ማታ ማታ አጠፋለሁ እንጂ።

እኔ፦ ሥጋቱ ገና ከመጀመሪያው ታይቶ ነበር። ፋይል በፎርም የሚላክበትን ዘዴ በ1995 እ.ኤ.አ. ጽፈው ያቀረቡት ኤርኔስቶ ኔቤል እና ላሪ ማሲንተር የሚባሉ የዜሮክስ ሰዎች ናቸው።

አክስቴ፦ ዜሮክስ? የኮፒ ማሽኑ ዜሮክስ?

እኔ፦ ራሱ። በጽሑፋቸው ላይ፣ ሰውየው ላክልኝ ያላለውን ፋይል ብራውዘሩ እንዳይልክ ያስጠነቅቃሉ። ብራውዘሮቹ በኋላ ከዚያም አልፈው አጠበቁት። ዛሬ ፋይሉ ከየትኛው ፎልደር እንደወጣ እንኳ ለገጹ አይነግሩትም። ገጹ ሲጠይቅ «ፌክፓዝ» የሚል የሌለ ፎልደር ስም ይሰጡታል። የእርስዎ ፎልደር የደንበኛ ስም ሊኖረው ይችላላ፤ ያንን ማንም ማወቅ የለበትም።

አክስቴ፦ ይሄን እቀበላለሁ። በሩን የሚጠብቅ ዘበኛ አልጠላም። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። መጀመሪያ ስንልክ ያ ሁሉ አሥር ደቂቃ የፈጀው ምን ነበር?

እኔ፦ ፋይሎቹ ወደ ሰርቨሩ እየሄዱ ነበር።

አክስቴ፦ ደረሱ?

እኔ፦ ደርሰዋል። ስልክ ቁጥሩ የታየው እነሱ ከደረሱ በኋላ ነው።

አክስቴ፦ ታዲያ ፋይሎቹ እነሱ ጋ ነበሩ ማለት ነው! ሳጥኑን መሙላት አይቻልም አልከኝ፤ ይሁን። እጃቸው የገባውን ፋይል ለምን ጣሉት? የዳታውን ብር የከፈልኩት እኔ፣ የጠበቅኩት እኔ። ደርሷቸዋል፤ መልሰው እኔኑ አምጪ ይሉኛል።

ለዚህ ቶሎ መልስ አልሰጠሁም። ሳጥኑ ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት ለስንት ሰው አስረድቻለሁ፤ ማስረዳቱም ትክክል ነው። ግን እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጥያቄው የሳጥኑ ሳይሆን የእኔ የሥራ ድርሻ መሆኑ የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

እኔ፦ እውነትዎን ነው። ብዙ ድረ ገጾች ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ናቸው። ፒኤችፒ የመጣለትን ፋይል መጀመሪያ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ፕሮግራመሩ አንሥቶ ሌላ ቦታ ካላስቀመጠው ያ አንድ ጉዳይ እንዳበቃ ይሰርዘዋል። ፎርሙን የሠራው ሰው «ሁሉም ነገር ትክክል ከሆነ ፋይሉን አስቀምጥ» ብሎ ጽፏል። ትክክል ካልሆነ ግን ምን ይሁን? ምንም አልጻፈም።

አክስቴ፦ ጣሉት ያለ የለም፤ የሚያነሣው ጠፍቶ ወደቀ።

እኔ፦ እንደዚያ ነው። መላው ከባድ አይደለም። ፋይሉ እንደተመረጠ ወዲያው ብቻውን ይሂድ፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ቁጥር ይስጠው። ልጅቷ የአባቷን ስም ስትጽፍ ትራንስክሪፕቷ ደርሶ ቁጭ ብሏል። ስልክ ቁጥሩ ከተሳሳተ ስልክ ቁጥሩ ብቻ ይስተካከላል። ቁጥሩ ጽሑፍ ስለሆነ ገጹ መልሶ ሊይዘው ይችላል፤ የብራውዘሩም ሕግ አይጣስም። ሞልቶ ያልጨረሰ ሰው ፋይል ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይጥፋ።

አክስቴ፦ ላውንደሪ ልብስ ስሰጥ ካርኒ እንደሚሰጠኝ ማለት ነው። ካርኒው እጄ ላይ ካለ ልብሱ የት እንዳለ አያሳስበኝም።

እኔ፦ አዎ፣ ካርኒ። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ገና ሲጻፍ እዚያው ገጹ ላይ ማየት ይቻል ነበር። ዜሮዋን ለማወቅ ሰባት ፋይል ባሕር መሻገር አልነበረበትም።

አክስቴ፦ እሺ ሌላ። በየፎርሙ «ከ2 ሜጋ አይበልጥ» ይላል። የወሰነው ማነው? ሁሉም ቦታ ለምን 2 ሆነ?

እኔ፦ ብዙ ጊዜ የወሰነ ሰው የለም። 2 ሜጋባይት ፒኤችፒ ሲጫን አብሮት የሚመጣ ልክ ነው፤ ካልቀየሩት እንዳለ ይቀራል። ለአንዱ ፋይል 2፣ ለፎርሙ በጠቅላላ 8። ከፊቱ ኤንጂን ኤክስ የሚባለው ሰርቨር ካለ ደግሞ የእሱ ልክ 1 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ካለፈ 413 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ገጽ ያመጣል።

አክስቴ፦ 413ን አውቀዋለሁ። ደንበኛው የእኔ ኮምፒውተር የተበላሸ ይመስለዋል፤ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፣ እዚያም ያው ነው። ቆይ፣ 8 ያልከኝን ድገምልኝ። በጠቅላላ 8?

እኔ፦ የፋይሎቹ ድምር፣ ከጽሑፉ ጋር።

አክስቴ፦ ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ስድስት ፋይል ይዞ መጣ። እያንዳንዱ 2 ሜጋ እንዳይሞላ አድርጌ አሳንሼለታለሁ። ስንልከው «ስምዎን ያስገቡ» አለ። ስሙ ተጽፏል! ደግመን ላክን፣ «ስምዎን ያስገቡ፣ ኢሜይልዎን ያስገቡ፣ የትውልድ ቀን ያስገቡ»። የአማርኛ ስሙን አልወደደው ይሆናል ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ያው። ስሙን አሳጠርኩት። ያው። ሰዓቱ እስኪያልቅ ስሙን ስንጽፍ ዋልን።

እኔ፦ ፋይሎቹ ስንት ስንት ነበሩ?

አክስቴ፦ 1.6፣ 1.7፣ እንደዚያ።

እኔ፦ ስድስት ጊዜ 1.6 ሲባዛ 9.6 ነው፤ ከ8 አለፈ። ድምሩ ሲያልፍ ፒኤችፒ የፎርሙን ይዘት በሙሉ ባዶ አድርጎ ነው ለፕሮግራሙ የሚያቀርበው። ፋይሎቹን ብቻ አይደለም፤ ስሙን፣ ኢሜይሉን፣ ሁሉንም። ፕሮግራሙ ሲያይ ምንም የለም። እሱ የሚያውቀው ስም ከሌለ «ስምዎን ያስገቡ» ማለት ነው፤ ያንኑ ይላል።

አክስቴ፦ ስሙ ምንም ጥፋት አልነበረበትም?

እኔ፦ ምንም።

አክስቴ፦ ሰውየው የአያቱን ስም ስህተት መስሎት ፓስፖርቱን እያገላበጠ ሲያይ ነበር። መታወቂያዬ ላይ ያለው ፊደል ሌላ ነው እንዴ እያለ። እንደዚህ ያለ ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የምታውቁ አይመስለኝም። ማሽን «ስምህ የለም» ሲለው ሰው ራሱን ነው የሚጠረጥረው።

እኔ፦ ፕሮግራመሩ ሁለት መስመር ቢጨምር ኖሮ፣ የመጣው ጭነት ስንት እንደነበር ሰርቨሩ ያውቃል፤ «የፋይሎችዎ ድምር በዛ» ማለት ይቻል ነበር።

አክስቴ፦ ሁለት መስመር።

እኔ፦ ሁለት ባይሆን አምስት። የሚገርመው ደግሞ ገጹ የሚጻፍበት ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል፣ ለጽሑፍ ሳጥን ስንት ፊደል እንደሚይዝ መወሰኛ አለው፤ የፋይል ሳጥን ስንት ሜጋባይት እንደሚቀበል የሚነገርበት ግን እስከ ዛሬ የለውም። ሠሪው ራሱ ጃቫስክሪፕት ጽፎ መጠኑን ካላየው በቀር፣ ፋይሉ መብለጡ የሚታወቀው መላክ ከተጀመረ በኋላ ነው።

አክስቴ፦ ልክ ማበጀቱን አልቃወምም። ዲቪ በመጣ ቁጥር ፎቶ የማስተካክለው እኔ አይደለሁ? ካሬ፣ 600 በ600፣ ጄፔግ፣ ከ240 ኪሎባይት የማይበልጥ። ጠባብ ነው፤ ግን ቀድሞ ተነግሮኛል፣ አውቄ እሠራለሁ። የማይነገረው ነው የሚያቃጥለኝ። አንዱ ፎርም 500 ኪሎባይት ነው የሚለው፣ ያውም ከላክን በኋላ። የስካነሩን ጥራት ከ300 ወደ 150 አወርዳለሁ። መጠኑ ይቀንሳል፤ ማኅተሙ ግን ይደበዝዛል። ከሳምንት በኋላ «ማኅተሙ አይነበብም» ብለው ይመልሱታል።

እኔ፦ 300ውን 150 ሲያደርጉት ነጥቦቹ ግማሽ አይሆኑም፤ ሩብ ነው የሚሆኑት። ቁመቱም ወርዱም ነዋ የሚቀንሰው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 በቀለም ሲነሣ፣ ሳይታመቅ፣ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ነው 500 ኪሎባይት አውጡ የሚሉት።

አክስቴ፦ ጽሑፉን ጥቁርና ነጭ ማድረግ እችላለሁ፤ ማኅተሙ ግን ሰማያዊ ነው። ኦሪጅናል መሆኑን የሚያዩት በሰማያዊው ነው። ይሄን ልክ ያወጣው ሰው አንድ ቀን የእኛን አገር ሰነድ ስካን አድርጎ ቢያየው ኖሮ 500 አይልም ነበር።

እኔ፦ ጥንቃቄው ከንቱ ነው አልልም። ልክ ባይኖር አንድ ሰው ሰርቨሩን ሞልቶ ሊያቆመው ይችላል። ፋይል መቀበልም ራሱ አደጋ አለው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ኢሜጅማጂክ የሚባለው የምስል ማስተካከያ ላይ፣ ተንኮል ያለበት ምስል በመላክ ብቻ ሰርቨሩን ማዘዝ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። «ፒዲኤፍ ብቻ» ተብሎ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈውም ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ሰርቨሩ የመጣውን ፋይል ከፍቶ ማየት አለበት።

አክስቴ፦ ይመልከት። ግን ቴሌግራምን ተመልከት። ልጆቹ ሙሉ ፊልም ይላላኩበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ፎርሙ 2 ሜጋ የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው?

እኔ፦ ቴሌግራም ፋይሉን ቆራርጦ ነው የሚልከው፤ አንዱ ቁራጭ ቢበዛ 512 ኪሎባይት ነው። ኔትወርክ ሲቆረጥ የጠፋው ያ ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። የተለመደው ፎርም ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚልከው። ከመቶ ዘጠና አምስቱ ከሄደ በኋላ ቢቋረጥ ከዜሮ ነው።

አክስቴ፦ ስንቱ እንደሄደ እንኳ አያሳይም። ቁጭ ብዬ የሚዞረውን ክብ አያለሁ። ይሂድ፣ ይቁም፣ አላውቅም። እንደገና ልንካው ስል ሁለቴ ያስከፍሉኛል እያሉ ደንበኞቼ እጄን ይይዙኛል።

እኔ፦ ስንት እንደሄደ ለማሳየት የሚያስችለው ነገር ብራውዘሮቹ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ቆራርጦ መላክም በድረ ገጽ ይቻላል። ሥራ ይጨምራል፤ ሰርቨሩ ቁራጮቹን መልሶ መግጠም አለበት። ፈጣን ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ የተቀመጠ ሠሪ 2 ሜጋባይት በአንድ ሴኮንድ ስለሚያልፍለት ችግሩ አይታየውም።

አክስቴ፦ አንተስ?

እኔ፦ እኔም ቢሮ ነው የምሠራው።

ቡና ቀዱልኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩና ፎልደር ከፈቱ። በሙሉ በቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች ናቸው፤ 1፣ 2፣ 3፣ እስከ 40 ድረስ።

አክስቴ፦ ይሄን ታያለህ? ድሮ «የልደት ሰርተፊኬት»፣ «የጋብቻ ምስክር ወረቀት» ብዬ ነበር የምሰይመው። በአማርኛ። አሁን በቁጥር ነው። የቱ የማን እንደሆነ በደብተር እጽፋለሁ።

እኔ፦ አልቀበል እያሉ ነው?

አክስቴ፦ አንዳንዱ አልቀበልም ይላል። እሱ ይሻላል። ሌላው ተቀበልኩ ይላል፤ በኋላ ደውለው የልደት ሰርተፊኬቷ የለም ይላሉ። የልደቱንም የጋብቻውንም ልኬያለሁ፣ አንዱ ብቻ ነው ያላቸው።

እኔ፦ የፋይል ስም ውስጥ አደገኛ ምልክት ሊገባ ስለሚችል ፕሮግራመሮች ስሙን ያጸዱታል። ማጽዳቱ ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ግን ሲያጸዱ «የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ይቆይ፣ ሌላው ይሰረዝ» ነው የሚሉት። «የልደት ሰርተፊኬት» ሲጸዳ ምንም አይቀርም፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው ፒዲኤፍ ብቻ ትተርፋለች። የጋብቻውም እንደዚያው። ሁለቱም አንድ ስም ሆኑ፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ተጻፈበት።

አክስቴ፦ ፊደላችንን እንደ ቆሻሻ ጠረገው በለኛ።

እኔ፦ ያሳፍራል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ለአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳሉ፤ 85 ፊደል ማለት ነው፣ ይበቃል። ደግሞም ሰርቨሩ ለማስቀመጫ የራሱን ቁጥር አውጥቶ፣ እርስዎ ያወጡትን ስም ለብቻው መዝግቦ ቢይዝ ጽዳቱም አያስፈልግም ነበር። ለፋይሉ ስም ያወጣው ሰው ሲፈልገው በዚያው ስም ማግኘት አለበት።

አክስቴ፦ ደግሞ ያቺ ቁልፍ። ፎርሙ በሙሉ በአማርኛ ሆኖ እሷ ብቻ «ቹዝ ፋይል» ትላለች፤ ከጎኗም «ኖ ፋይል ቾዘን»። አንድ ሽማግሌ ይሄ ስህተት ተፈጠረ ማለት ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

እኔ፦ ያንን ጽሑፍ የሚያወጣው ብራውዘሩ ነው፣ በራሱ ቋንቋ። ገጹ ሊቀይረው አይችልም። ግን ቁልፏን ሸሽጎ የራስን በአማርኛ የተጻፈ ቁልፍ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የቆየ ዘዴ ነው።

አክስቴ፦ ሦስት ፋይል መርጬ አራተኛውን ልጨምር ስል ሦስቱ የሚጠፉትስ?

እኔ፦ እሱ የሳጥኑ ጠባይ ነው። እንደገና ሲመርጡ አይጨምርም፤ አዲሱን ይዞ የድሮውን ይለቃል። ከጎኑ ዝርዝር አዘጋጅቶ የተመረጡትን ማቆየት የሠሪው ሥራ ነው።

አክስቴ፦ አሁን አንተ የምትሠራው ፎርም አለ?

እኔ፦ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። ለአመልካቾች ነው።

አክስቴ፦ ስንት ሜጋ ይቀበላል?

እኔ፦ ...አላየሁትም። እንደተጫነ ነው ያለው።

አክስቴ፦ 2 ነዋ።

እኔ፦ 2።

አክስቴ፦ ወረቀት አምጣና ጻፍ። ቁልፏ ሳትነካ በፊት ይታይ፤ ከላይ፣ በትልቁ። «ማኅተሙ እስኪነበብ ድረስ በቀለም ስካን ያድርጉ። አንዱ ፋይል ከ5 ሜጋ አይብለጥ። በሙሉ 40 ሜጋ ይይዛል። ኔትወርክ ቢቋረጥ የላኩት አይጠፋም፤ ተመልሰው ይቀጥሉ።»

እኔ፦ የመጨረሻውን ከጻፍኩ መሥራት አለብኝ።

አክስቴ፦ ለዚያ ነው ያጻፍኩህ። ስትጨርስ ቢሮህ አትሞክረው። ሰኞ በ11 ሰዓት እዚህ ና፤ ተማሪው ሁሉ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ። በእኔ ስልክ ነው የምንልከው። ፋይሉን እኔ እሰይመዋለሁ፣ በአማርኛ። ግማሽ ሲደርስ ዋይፋዩን እነቅለዋለሁ።